ሐረጎን የሚወርዱት በማርሽ ነው

አምና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ። ውጭው ጉም ነው። ሐረጎን፣ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን ቁልቁለት፣ መውረድ እንደጀመርን ልቤ በድንገት ይደልቅ ጀመር። አልሮጥኩ፣ አልደነገጥኩ፣ ማንም ክፉ አልተናገረኝ። ዝም ብሎ ይደልቃል። እጄ ቀዘቀዘ፣ ጣቶቼን ነዘረኝ፣ አየሩ አልበቃኝ አለ። ከጎኔ የነበሩ እናት ሻሻቸውን መለስ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ አፊያ ነሽ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ።

ደህና አልነበርኩም። የምሞት መስሎኝ ነበር።

ወሎ ያደገ ሰው ይህቺን ጥያቄ ያውቃታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቃታል። አፊያ ማለት ጤና ነው፣ ግን የሰውነት ብቻ አይደለም። ስንጠያየቅ ቤቱም፣ ልጆቹም፣ ልቡም፣ ከሰው ጋር ያለው ሰላምም አብሮ ይጠየቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ በዋለው መመሥረቻ ሰነዱ፣ ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደህንነት ነው ይላል። የእኛዋ አፊያም ይህንኑ ነው የምትጠይቀው። ችግሩ ጥያቄው ላይ አይደለም፣ መልሳችን ላይ ነው። መልሱ ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ባለ አንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። የምኖረው ደሴ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ነገር ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳል። ደሴ ሹራብ ለብሼ እነሳና ኮምቦልቻ ስደርስ አወልቀዋለሁ፣ ማታ ስመለስ መልሼ እለብሰዋለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። የሒሳብ ሰው የሆነ ሁሉ ሰኔና ሐምሌ ምን ማለት እንደሆኑ ያውቃል። ቆጠራው አለ፣ ከባንክ ጋር ማስታረቁ አለ፣ ያልተወራረደ ገንዘብ አለ፣ ኦዲተሩ በር ላይ ነው። ያኔ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ ማታ 1 ሰዓት እወጣ ነበር፣ ቅዳሜንም ጨምሮ። ምሳዬን ፒችትሪው፣ የሒሳብ መሥሪያው ፕሮግራም፣ ፊት ለፊቴ እንደተከፈተ፣ በአንድ እጄ እየጎረስኩ በሌላው ማውዝ እየገፋሁ እበላለሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ ላፕቶፑ ይከፈታል። ሌሊት 6 ሰዓት እተኛና 11 ሰዓት እነሳለሁ። ይህ ሁሉ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ወደ ሕክምና ሄድኩ። ሐኪሟ ልቤን የልብ ምት በሚመዘግበው ኢሲጂ አየችው፣ ደሜን አስመረመረች። የደም ማነስም ሆነ የእንቅርት ዕጢ ችግር ልብን እንዲህ ሊያስደልቅ ይችላልና ሁለቱንም ፈተሸች። ሁሉም ደህና ነው። የደም ግፊቴ ግን 150 በ95 ሆኖ ተገኘ። «ከ140 በ90 በላይ ከፍተኛ ነው የምንለው፣ ግን በአንድ ቀን ልኬት አይወሰንም። በሌላ ቀን ተመልሰሽ ትለኪያለሽ» አለችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። በሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? በቀን ስንት ስኒ ቡና ትጠጫለሽ? ከሰው ጋር ቁጭ ብለሽ የተጫወትሽው መቼ ነው?

የመጀመሪያውን መለስኩ። ሁለተኛውን ቆጥሬ መለስኩ። ሦስተኛውን መመለስ አቃተኝ። አለቀስኩ።

የያዘኝን ነገር ፓኒክ አታክ አለችው፣ ድንገተኛ የጭንቀት ማዕበል ነው። ሰውነታችን አደጋ ሲያይ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ለመሮጥ ይዘጋጃል። ጅብ ለመጣበት ሰው ይህ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ለወራት በእንቅልፍ ማጣትና በውጥረት የከረመ ሰውነት፣ ጅቡ ሳይኖርም ደወሉን ሊደውል ይችላል። በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካና ይወርዳል። ያስፈራል እንጂ አይገድልም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ ደረቱን ያመመው ወይም ልቡ የደለቀበት ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ ራሱን አሳምኖ ቤቱ አይቀመጥ። መጀመሪያ ይታይ። ጭንቀት ነው የሚባለው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።

በሥራ መዛል የሚባለውንም ያነበብኩት ያን ሰሞን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ያሰፈረው ሲሆን በራሱ በሽታ ነው አላለውም። ሦስት ምልክት አስቀምጦለታል። ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው ልብ መራቅና ሥራውን መጥላት፣ ከዚያ ደግሞ ሥራው እንደ ድሮው አለመሳካት። እኔን ያስደነገጠኝ መሃለኛው ነው። ሒሳብ እወዳለሁ። ሁለቱ ወገን እኩል ሲመጣ የሚሰማኝ ደስታ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያለ ነው። አምና ግን ሚዛኑ ሲመጣም ምንም አልተሰማኝም። ያኔ ነበር መባነን የነበረብኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ የምጽፈው ከሾፌሩ ጀምሬ ነው።

ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንት ሐረጎ ላይ ስንደርስ ያው ነገር ይመለስብኛል ብዬ ስለምሰጋ ጋቢና መቀመጥ ጀመርኩ። ሾፌሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይህን መንገድ ሲመላለሱበት ኖረዋል። አንድ ቀን፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ማርሽ ሲቀንሱ አየሁና ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እህቴ» አሉኝ፣ «ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ እወርዳለሁ ያለ ሰው ፍሬኑ ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ስትረግጪው አይዝልሽም። ማርሹን የምትቀንሺው ላይ ሆነሽ ነው። መሃል ላይ ከደረስሽ በኋላማ ምን ታደርጊያለሽ?»

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። የእኔ ፍሬን እሑድ ነበረች። ስድስት ቀን እሮጥና እሑድን ተኝቼ እውላለሁ፣ ሰኞ ግን ከእሑድ በፊት ከነበረው የባሰ ደክሞኝ እነሳለሁ። የዓመት ፈቃዴም ፍሬን ነበር። «ሐምሌ ይለፍ እንጂ ዐሥር ቀን ሐይቅ ሄጄ እቀመጣለሁ» እል ነበር። ሐምሌ ሲያልፍ ነሐሴ የራሱን ሥራ ይዞ ይመጣል። ማረፍን ከሥራው በኋላ እንደሚመጣ ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት። ስለዚህ ከትልልቁ ዕረፍት ይልቅ በቀኑ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ማቆሚያዎች መፈለግ ጀመርኩ። ደግሞም ያን ያህል ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፣ ያደግኩበት አገር ቀኑን በማቆሚያ የሞላ ነው።

ቡናውን ውሰዱት።

እናቴ ቤት ቡና ሲፈላ ሥራ ይቆማል። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ሉባንጃው ይጨሳል፣ ቆሎው ይቀርባል፣ ጎረቤት ይጠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አንድ ሰዓት ቢሉት ከዚያ በላይ ነው። በዚያ መሃል የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የጨነቀው ይናገራል፣ አዋቂዋ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ዱዓ ይደረጋል፣ ይመረቃል። እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ፈሳሹን ብቻ ነበር። ከድርጅቱ በር ላይ ያለችው ቡና ሻጭ በስኒ ታመጣልኛለች፣ እኔ ከስክሪኑ ዓይኔን ሳላነሳ እጠጣለሁ። በቀን አምስት ስኒ። የመጨረሻውን 11 ሰዓት ላይ። ካፌይን ደግሞ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፤ በአማካይ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ማለት 11 ሰዓት ላይ ከጠጣሁት ቡና ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደሜ ውስጥ ነው። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ እላለሁ።

አሁን በቀን ሁለት ነው፣ እሱም ከ8 ሰዓት በፊት። ጠረጴዛዬ ላይ ግን አልጠጣም። ከሒሳብ ክፍል ሦስት ሆነን ወደ ቡና ሻጯ ራሳችን እንሄዳለን፣ በርጩማ ላይ ቁጭ እንላለን፣ ስለ ሥራ አናወራም። መጀመሪያ ሰሞን የምናወራው ጠፍቶን ነበር። አሁን ማን ልጁን ክትባት እንዳስከተበ፣ ማን ቤት ኪራይ እንደጨመሩበት፣ ሁሉን እናውቃለን። ሩብ ሰዓት ናት። ሥራው አልተጓደለም፣ እንዲያውም ከዚያ ስመለስ ስህተቱን ቶሎ አገኘዋለሁ። በዓይኔ ፊት ሆኖ ግማሽ ሰዓት የተደበቀኝ ቁጥር ተነስቼ ስመለስ ወዲያው ይታየኛል።

ሰፈር ቡና ላይ ግን ተቸግሬ ነበር። ጎረቤቴ ቅዳሜ ማታ ትጠራለች። ማታ ቡና አልጠጣም ማለት ደግሞ ከባድ ነው፣ አቦሉን ያልጠጣ እንግዳ ምን እንግዳ ነው? ቁጭ ብዬ በግልጽ ነገርኳት፣ ሐኪሟ ያለችኝንም ጭምር። ትንሽ ቅር አላት፣ ከዚያ መፍትሔውን ራሷ አመጣችው። እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ፣ እጫወታለሁ፣ እኔን ጀባ የምትለኝ ግን በረካዋን ብቻ ነው። በረካ ቀጭን ናት።

ስለ ጫትም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በሥራ ቦታ ስለ እሱ የሚናገር የለም። በወዳጃ፣ ማለትም ሰው ተሰብስቦ በሚጸልይበት ሥርዓት፣ እና በዱዓ ላይ ያለውን ባህል እየነካሁ አይደለም። የምናገረው ሌሊት ለመሥራት፣ ሪፖርት ለመጨረስ፣ ረጅም መንገድ ለመንዳት ብሎ ስለሚቅም ወጣት ነው። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ያነቃል፣ እውነት ነው። ግን ጉልበት አይጨምርም፣ ድካሙን ይሸፍነዋል። እንቅልፉን ይወስዳል፣ የምግብ ፍላጎቱን ይወስዳል፣ በማግስቱ ድብርቱ ይመጣል፣ ድብርቱን ለማጥፋት እንደገና ይቃማል። አብረውኝ ከሚሠሩ ሁለት ልጆች ላይ አይቼዋለሁ። ጎበዝ ልጆች ናቸው። ያሳዝነኛል።

እንቅልፍ ላይ አልደራደርም አልኩ። ለአዋቂ ሰው በሌሊት 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይመከራል። 11 ሰዓት ተኩል መነሳት ካለብኝ 4 ሰዓት ላይ መተኛት አለብኝ ማለት ነው፣ ሌላ ስሌት የለውም። ስልኬን ሳሎን ትቼ ነው የምገባው። ማንቂያ ደወል የምትሞላ ትንሽ ሰዓት ከሰኞ ገበያ ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዓይኔን አፍጥጬ ነው የተኛሁት። ሦስተኛው ላይ ሰውነቴ ገባው።

እግር ጉዞው በአጋጣሚ ነው የመጣው። ማታ ከሚኒባሱ ወርጄ በባጃጅ ነበር ቤቴ የምገባው። አንድ ቀን ባጃጅ ጠፋና በእግሬ ሄድኩ፣ 25 ደቂቃ ፈጀብኝ። ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አንድም ሜዳ የለውም፣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። አልቤ ገባሁ። ግን ያን ማታ ከባሌ ጋር ሳንጨቃጨቅ እራት በላን። በማግስቱም ሄድኩ። በኋላ ሳሰላው ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው የሚመከረው። 25 በ6 ስትባዛ ስንት ናት? ጂምናዚየም መመዝገብ፣ ልዩ ጫማ መግዛት አላስፈለገኝም። ከመሸ ወይም ክረምቱ ከበረታ በባጃጅ እሄዳለሁ፣ ራሴን አልወቅስም። አንዳንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእህቴ ጋር የጦሳን ዳገት ትንሽ እንሞክራለን። ከላይ ሆናችሁ ደሴን ስታዩዋት ቢሮው የት እንዳለም አይታወሳችሁም።

ምግቡ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። እኛ አገር ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ በሶው ከድሮም ጥሩ ነው። የጎዳኝ ሰዓት አለመጠበቁ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ሳልበላ ውዬ ሌሊት ሆዴን ሞልቼ መተኛቱ። አሁን ምሳዬን በዕቃ ይዤ እሄድና ከጠረጴዛዬ ተነስቼ እበላለሁ። ጨው ቀነስኩ፣ ለግፊቱ። በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ።

ልቤ መደለቅ ሲጀምር የማደርጋትን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ሐኪሟ ናት ያሳየችኝ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ መሳብ፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ አድርጎ ማውጣት። አወጣጡ ከአሳሳቡ ይርዘም፣ ያኔ የልብ ምት ረገብ ይላል። አምስት ደቂቃ ብቻ። ሐረጎ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ማንም ሳያውቅ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከባዱ አለቃዬን ማናገር ነበር።

የድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ ሌሊት 4 ሰዓትም ይጮሃል። አንዱ ጥያቄ ይጽፋል፣ ያልመለሰ ሰው ሰነፍ ይመስላል፣ ስለዚህ ሁላችንም አልጋችን ላይ ሆነን እንመልሳለን። ይህ ሥራ ነው። ማንም ስለማይቆጥረው ሥራ አይመስልም እንጂ ሥራ ነው። ቁጭ ብዬ የአንድ ሳምንቴን ሰዓት በወረቀት ጻፍኩ። ቢሮው ብቻውን 60 ሰዓት ገደማ መጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓትም ልክ አለው፣ በሳምንት 12 ሰዓት። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድሉ 17 በመቶ ከፍ ይላል። ይህን ወረቀት ይዤ ገባሁ። አልጮህኩም፣ አልከሰስኩም። «ይህን ሥራ ለብዙ ዓመት መሥራት እፈልጋለሁ፣ በዚህ አካሄድ ግን አልችልም» ነው ያልኩት። ከኔ ጋር ሌሎቹ ሁለቱም ገቡ፣ ያ ነው የረዳኝ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ አላውቅም። ቆጠራውን ግንቦት ላይ በከፊል ለመጀመር፣ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ግሩፑ ላይ ላለመጻፍ፣ በሰኔና ሐምሌ አንድ ጊዜያዊ ሠራተኛ ለመቅጠር ተስማማን። ሁሉም አልተፈጸመም። የተፈጸመው ግን ልዩነት አምጥቷል።

ይህን ስጽፍ የጎረቤቴ ልጅ ትታወሰኛለች። ኮምቦልቻ ልብስ ትሰፋለች። እሷ ሩብ ሰዓት ቡና ልጠጣ ብላ መነሳት አትችልም፣ ከእጇ የሚወጣው ይቆጠራል። ስለዚህ ጤናን የሠራተኛው የግል ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማውራት ልክ አይመስለኝም። ዕረፍት የማይሰጥ አለቃ ሥር ያለን ሰው «በደንብ ተንፍሺ» ማለት ምን ይጠቅማታል? የሥራ ቦታን ጤናማ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው። ልጅቷ የቻለችው አንድ ነገር ነው፤ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይተው ምግቡን በተራ ይሠራሉ፣ አንዷ ስትከፋ ሦስቱ ያውቃሉ። እሷን ያቆማት ይህ ነው፣ ራሷ ነች የነገረችኝ።

ሌላም አለ፣ ስለ ወሎ እየጻፍኩ ይህን ማለፍ አልችልም። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢሮው ተጠገነ፣ መስታወቱ ተተካ፣ ሁላችንም ሥራ ገባን። ሰው ግን እንደ መስታወት አይተካም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወንድማችን በር በኃይል ሲዘጋ ጠረጴዛው ሥር ሊገባ ይደርስ ነበር። ሌሊት አይተኛም። በስብሰባ ላይ ድንገት ይቆጣል፣ ከዚያ ይቅርታ ይጠይቃል። እኛ «ጠባዩ ተለወጠ» ብለን ተቀየምነው። ዓመት ሙሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከመጥፎ አጋጣሚ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ማለትም ቅዠቱ፣ መባነኑ፣ ያን ቦታ መሸሹ፣ የሚታከም ሕመም እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ይህን ቀድሜ አለማወቄ ዛሬም ያመኛል። አሁን ሕክምና ይከታተላል። ደህና ነው ለማለት ባልችልም በፊት ከነበረው ይሻላል፣ ይስቃል።

ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ልባችሁ ከከፋ፣ ትወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ራሳችሁን እንደማትረቡ ከቆጠራችሁ፣ ይህ ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። ድባቴ ሊሆን ይችላል። ሞት ሞት የሚላችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አትቁጠሩ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ። የአእምሮ ሕክምና ለማግኘት የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ አያስፈልግም፣ በቅርባችሁ ካለው ሆስፒታል ጀምሩ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ መድኃኒቱን አይከለክሉም። መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ግን ውጤቱ በሳምንታት ነው የሚመጣው፣ ሦስት ቀን ወስዳችሁ አልሠራም ብላችሁ አታቁሙት። ስትሻሉም ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቋርጡት።

አንድ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ የእኛ አገር እድር፣ እንዴት እንደሚሰበሰብ አስቡት። ድንኳኑ በደቂቃ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛው ለቀናት ብቻውን አያድርም። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ በሕይወት ላለ ጎረቤቱ፣ ለሥራ ባልደረባው፣ በሩን ዘግቶ ለተቀመጠው ልጅ እንዴት ዝም ይላል? በእኛ ቅሬ ውስጥ ከበዓል በኋላ ለብዙ ቀን ያልታየ ሰው ካለ ሁለት ሰው ሄዶ እንዲያየው ሐሳብ አቅርቤአለሁ። አንዳንዶቹ «የሰው ቤት መግባት ነው» አሉ። እኔ ግን አሁንም እየተሟገትኩ ነው።

ዘንድሮም ሒሳብ መዝጊያው ደርሷል። ሥራው ያው ነው፣ ቁጥሩም አልቀነሰም። ግፊቴን በየወሩ እለካለሁ፣ ባለፈው 128 በ82 ነበር። ሐረጎ ላይ ልቤ አንድ ሁለት ጊዜ ነካ አድርጎኛል፣ አልፎ ሄዷል። ሾፌሩ አሁንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳሉ፤ ያን ጊዜ እኔም ስልኬን ቦርሳ ውስጥ አስገባለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጎረቤቴ ጠራችኝ። ከሰሉን እያራገበች ቀና ብላ አየችኝና «አፊያ ነሽ?» አለችኝ።

«ዛሬስ ደክሞኛል» አልኳት። «ትናንት በደንብ አልተኛሁም፣ አንድ ቁጥር አልመጣ ብሎኝ ስጨነቅበት ነው ያደርኩት።»

ማራገቢያውን አስቀመጠች። «እንግዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ለዛሬ በረካውም ይቅርብሽ። ሂጂ ተኚ፣ ነገ ቀን ላይ አፈላልሻለሁ።»

3 ሰዓት ሳይሞላ ተኛሁ።